ኮትህ ቀድሞህ ይገባል

«ኧረ አልብሱት፣ ብርድ ሊገድለው ነው!» አሉ ጎረቤቲቱ፤ ኮቱ ከበሩ ጀርባ ተነሥቶ የልብስ ሰፊው ትከሻ ላይ አረፈ። ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኑ ነው።

የሟች ታናሽ እህት የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ጆሮዋን ወደ ሚጢ ጣለች። የሰባት ዓመቷ ልጅ አባቷ ጉያ ገብታ ኮቱ ሥር ተሸጉጣለች። ደረቷ በቀጭኑ ማፏጨት ጀምሯል። የእናቷም አስም ሲነሣ እንዲሁ ነበር።

ባልና ሚስቱ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። ሐኪሙ «ጭስ አጠገቧ እንዳይደርስ» ካለ ወዲህ ሰውየው ቤት ውስጥ አንዲት ሲጋራ ለኩሶ አያውቅም፤ ዝናብ ቢዘንብም ደጅ ይወጣል። ሲመለስ ሟች አፍንጫዋን ይዛ፣ «ኮትህ ቀድሞህ ይገባል» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ሁልጊዜ በሳል ነበር የሚያልቀው።

እህትም ይህን ቀልድ በስልክ ሰምታ ስቃለች። ጭስ በልብስ ተሸሽጎ ቤት እንደሚገባ ባሕር ማዶ ስትማር አንብባለች፤ ደውላ ግን አልተናገረችም። አሁን ብትናገር፣ «ሚስትህን የገደልካት አንተ ነህ» ማለት አይሆንባትም? እርግጠኛስ ናት? ዐሥራ አንድ ዓመት ጠፍታ የከረመች ሰው ለቅሶ ቤት መጥታ ዳኛ ልትሆን ነው?

ፉጨቱ ወፈረ።

«ሚጢዬ፣ ነይ ወደኔ።»

«እምቢ! አባዬ ጋ ነኝ።»

«ተዪያት እስቲ!» አሉ ጎረቤቲቱ። «እናቷን ማጣቷ አንሶ ካባቷም ልትለያት ነው እንዴ ይቺ?»

እህት ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ኮቱን አውልቀው።»

«በርዶኛል እኮ።»

«ደጅ ብታጨስም ጭሱ እሱ ላይ ይቀራል። እስቲ ደረቷን ስማው።»

ሰውየው ጆሮውን የልጁ ጀርባ ላይ ለጠፈ። ድምፁን ያውቀዋል። ቀና ሲል ፊቱ ደም አልነበረውም።

«ለካ ቀልዷን አልነበረም» አለ።

እህት ሚጢን አቅፋ ንጹሕ አየር ወዳለበት ወደ በሩ ወሰደቻት፤ ለልጅቷ የታዘዘላትን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አንዴ፣ ሁለቴ ሰጠቻት። ሰውየው በጎን አልፏቸው ወጣ። ኮቱን አጥሩ ላይ ወረወረው፤ ሸሚዙንም አወለቀ። የቧንቧው ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ቀጠነ።

በካናቴራ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ፤ ግን አልገባም። ደፉ ላይ ተንበርክኮ እርጥብ መዳፉን ወደ ልጁ አፍንጫ ዘረጋ።

«አሽትቺኝ እስቲ» አላት። «ልግባ?»