የእትዬ ማቲልደ ስልክ

ጌርሊንደ ሃይብለ እጇን ያነሳችው ሌሎቹ ስላነሱ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት የሰበካ ጉባኤ አባላት ሁሉ አንስተዋል። ፓስተር ፎልከርት ዞር ዞር ብለው አዩና "በሙሉ ድምፅ አልፏል" አሉ፤ ሦስተኛው አጀንዳ ተዘጋ። እጇን ስታወርድ ምን እንዳጸደቀች አታውቅም ነበር።

ያስረዳው ዚሞን ነበር፤ ከጉባኤው አባላት በዕድሜ ትንሹ፣ በኔካር ወንዝ ዳር ባለው የማሽን ፋብሪካ የሚሠራ ትሑት መሐንዲስ። ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ ስለ ስትሪሚንግ፣ ስለ ክላውድ፣ ስለ አካውንት፣ ስለ አናሎግ ቻናልና ስለ አፕዴት ተናገረ። ከጀርመንኛው የተረፉት "እና"፣ "ስለዚህ"፣ "ይሆናል" የሚሉት ብቻ ይመስሉ ነበር። ጌርሊንደ እያዳመጠች ራሷን ትነቀንቃለች። ይህን መነቅነቅ የተማረችው ከምትሠራበት ዳቦ ቤት ነው። አዲሱ የሒሳብ ማሽን ከመጣ ወዲህ አለቃዋ "ሪሴት አድርጊና ሎግ ኢን በይ" ሲላት ትነቀንቅና፣ ፊቱን ሲያዞር ባልደረባዋን በሹክሹክታ ትጠይቃለች። በዚያች ከተማ ሰው ስለ ሕመሙ ያወራል፤ አልገባኝም ግን አይልም።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው መስኮቶቹን ወለል አድርገው ከፍተው አዳራሹን ማናፈስ ያዙ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቢሆንም ሳያናፍሱ ስብሰባ መቀጠል የሚታሰብ አይደለም። ሁሉም ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቅቤ የተቀባ ብሬትስሉን፣ ያንን የተጠላለፈ ዳቦ፣ ይዞ ቆመ። ዚሞን ደስ ብሎት ወደ ጌርሊንደ መጣ።

"ሰኞ ራሴ መጥቼ ያንን አሮጌ ሳጥን እነቅለዋለሁ" አላት።

"የትኛውን ሳጥን?"

"ከመስበኪያው ሥር ያለውን ነዋ፤ የስልኩን። ከእንግዲህ አምልኮውን በኢንተርኔት እናስተላልፍ ብለን አሁን አጸደቅን አይደል?"

ጌርሊንደ የገመጠችውን ብሬትስል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

እትዬ ማቲልደ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ጌርሊንደን በልጅነቷ መዝሙር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሁድ እሁድ ስልካቸውን አንስተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቁጥር ይደውላሉ፤ ያ ሳጥን መስበኪያው ላይ ካለው ማይክሮፎን ድምፁን ወደ ጆሯቸው ያደርሰዋል። ጌርሊንደ ከአምልኮ በኋላ ልትጠይቃቸው ስትሄድ፣ እትዬ ማቲልደ ከስብከቱ ይልቅ የሚያወሩት ስለ ሰዉ ነው። የኩርት ሳል አሁንም አልለቀቀውም፤ የእነ ሩሽ ሕፃን ዛሬ መጥቶ ነበር፣ ሲያለቅስ ሰምተውታል፤ ሊዝቤት ደግሞ እንደ ወትሮዋ ዘግይታ በሩን ጓ አድርጋ ዘግታ ገብታለች። እቤታቸው ተቀምጠው ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ያውቃሉ።

አንድ ቀን እየሳቁ "አንቺ ግን ልጄ፣ አትስይ፣ በር አታስጮኺ" ብለዋት ነበር። "መምጣትሽን በምን ልወቀው?"

ጌርሊንደ መስኮቱ አጠገብ ወደቆመው ወደ ኦይገን ጠጋ አለች። ኦይገን በጡረታ ላይ ያለ የጣሪያ ሠራተኛ ነው፤ አብረው ነው ያደጉት።

"ስልኩን እንደሚያጠፉት ታውቅ ነበር?"

"እኔ? እኔ ከመጀመሪያው ሥዕል በኋላ ስለ ዶሮዎቼ ነበር የማስበው።"

"ታዲያ እጅህን ለምን አነሳህ?"

"አንቺ አነሳሻ። ገብቷት ነው ብዬ።" ብሬትስሉን ገመጠ። "ተይው ጌርሊንደ። በሙሉ ድምፅ ያለፈውን አሁን መልሰን ብናነሳ፣ ሽማግሌዎቹ ጃጁ ነው የሚሉን።"

መስኮቶቹ ተዘጉ፤ ስብሰባው ቀጠለ። ስለ ጣሪያው አሸንዳ ተነጋገሩ፤ ስለ ገና ባዛር ተከራከሩ። ጌርሊንደ አንዱንም አልሰማችም። በልቧ "ጌታ ሆይ፣ እባክህ ሌላ ሰው ይጠይቅ" እያለች ትጸልይ ነበር። ጸሎቷ አልተሰማም፤ ወይም ተሰምቶ ኖሮ መልሱ "አንቺ ጠይቂ" ሆኗል።

የመጨረሻው አጀንዳ ሁልጊዜም "ልዩ ልዩ" ነው። ፓስተሩ "ልዩ ልዩ" ሲሉ ሰዉ ካፖርቱን ይለብሳል፤ በዚያ ሰዓት አፉን የሚከፍት ሰው እስከ ፋሲካ ይታማል። ጌርሊንደም አንድ እጇን እጅጌው ውስጥ ከትታ ነበር። መልሳ አወጣችውና ካፖርቱን ወንበሩ ላይ አንጠልጥላ ተቀመጠች።

"እኔ አንድ ነገር አለኝ።"

"ይናገሩ፣ ወይዘሮ ሃይብለ" አሉ ፓስተሩ፤ መነጽራቸውን ወደ ማኅደሩ ሊከቱ ነበር።

"ቅድም እጄን ያነሳሁት ሳይገባኝ ነው። ዚሞን ደክሞበታል፤ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን ልጠይቅ። እትዬ ማቲልደ የሚመጣው እሁድ ስልካቸውን አንስተው ሲደውሉ ምን ይሰማሉ?"

ዚሞን "የስትሪሙን ሊንክ ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ጆሮው ቀላ።

"ምንም" አለ ቀስ ብሎ። "ምንም አይሰሙም።"

አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥም የነበረው ሁሉ ባለበት ቆመ። ከዚያ ኦይገን ጠረጴዛውን እያየ "እኔም አልገባኝም ነበር" አለ። ሊዝቤት ደግሞ ከክላውድ በኋላ ያለው ሁሉ አልፏት እንደነበር ተናገረች። ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ቻናሉ ላይ ስንደርስ ጠፍቶብኝ ነበር" አሉ።

ዚሞን የሁሉንም ፊት በየተራ አየ። የተቀየመ ይመስል ነበር።

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ? ሁላችሁም ስትነቀንቁ እኮ ገባቸው ብዬ ነው የፈጠንኩት። የኢንተርኔቱ ስርጭትና ስልኩ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። የስልኩ ሳጥን ካለበት መነሳት የለበትም።"

ካፖርታቸውን እንደለበሱ ድጋሚ እጅ አነሱ፤ በዚህኛው ዙር ምን እንደሚያጸድቁ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሲወጡ ዚሞን በሩን ያዘላትና "ከእንግዲህ ወሬዬ ሲጠፋብዎት ያስቁሙኝ፣ ወይዘሮ ጌርሊንደ" አላት። ልትነቀንቅ ብላ ራሷን ያዘች።

"አስቆምሃለሁ" አለችው።

እሁድ ጠዋት ጌርሊንደ ከሰገነቱ ሥር፣ እናቷም እሷም ዕድሜያቸውን ሙሉ በተቀመጡበት የኋላ መቀመጫ ላይ አልተቀመጠችም። በመካከል መተላለፊያው ወደ ፊት አልፋ፣ ከሙሽራ ቤተሰብ በቀር ማንም የማይቀመጥበት የመጀመሪያ ረድፍ ላይ፣ መስበኪያው ላይ ካለው ማይክሮፎን ሥር አረፍ አለች። ኦይገን ከኋላ ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠባት። ኦርጋኑ ዝም አለ፤ ፓስተሩ ሊጸልዩ አንገታቸውን ደፉ፤ ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ።

ያኔ ጌርሊንደ፣ ጉንፋን የሚባል ነገር ያልነካት ሴት፣ ጥርት ያለ ሳል ሳለች።