እሱኑ ድገሚው

ሬዲዮ የሚሏት ጎረቤት አጠገቧ ላለችው ለቀስተኛ ስታንሾካሹክ የተሰማው ይሄ ነው፦ «ደም ብዛት ገደላት ያለ ውሸቱን ነው። ባልየው ነው በጭቅጭቅ የፈጃት! ግድግዳችን አንድ አይደል? በየማለዳው ‹አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ እሺ በዪኝ!› ይላታል፤ እሷ ‹አሻፈረኝ!› ትላለች። እንግዲህ ምን እንደሚለምናት የላይኛው ይወቅ።»

ሬዲዮ ሹክ ስትል ሦስት ቤት ይሰማል። የሟች ታናሽ እህት ደግሞ ሻይ ይዛ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ትሪውን ወደ ሬዲዮ ዘረጋች።

«ውይ፣ እዚህ ነበርሽ እንዴ! እግዜር ያጽናሽ የኔ እናት። የኔን ስኳሩን በዛ አድርጊው።»

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ነርሶች ነበሩ፤ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ክፍል። ታላቂቱ ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ሲቀራት፣ ተረኛ ሆና መርፌ ስታዘጋጅ ዘፍ አለች። ስትሮክ ነው አሉ። አልነቃችም።

ታናሺቱ ትሪውን ጓዳ አስቀምጣ ማጅራቷን ያዘች። ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ጋ አንድ ነገር ድው ድው ይላል። ሀዘን ነው ትላለች ለራሷ። ሆዷ ግን አያምናትም።

ጓዳው በር ላይ የታላቂቱ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። «ጡረታ ስወጣ» ይላል ከላዩ። ከሥሩ፦ ውሃ መጠጣት። በእግር መሄድ። እንቅልፍ ጠግቦ መተኛት። የደም ግፊት መለካት። ሰው ለጡረታው ሥራ ያቅዳል፣ ልጅ መጠየቅ ያቅዳል፤ እሷ መኖሩን ራሱ ለጡረታ አቆይታው ነበር። አንድ ጊዜ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ ጤና ብሎ በስንት ሰዓት ምን ያህል እንደሚጠጣ የተጻፈበት የውሃ ጠርሙስ አደለ። እሷ እስክሪብቶ ማስቀመጫ አደረገችው።

«ብጠጣ መሽናት ይመጣል፤ ብሸና ማን ይተካኛል? ፊኛዬም እንደኔ ጡረታውን ይጠብቅ!» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው።

የሟች ልጅ ገባች። የምትሠራበት ከተማ ሩቅ ነው፤ የደረሰችው ለቀብሩ ብቻ ነው።

«አክስቴ፣ ሰዎቹ የሚሉት እውነት ነው? አባዬ ይጨቀጭቃት ነበር?»

ታናሺቱ ጭቅጭቁንማ አሳምራ ታውቀዋለች። ባልየው ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ የግፊት መለኪያ ገዛ። በየማለዳው የራሱን ክንድ ይለካና «እዪ፣ እኔ መሃይሙ ተለካሁ፤ አንቺም አንዴ ብቻ!» ይላታል። «ካርዴ ላይ ተጽፏል፣ ጤነኛ ነኝ!» ብላው ትወጣለች። ይሄን መናገር ቀላል ነበር። ግን ‹ካርዱስ?› ቢሏት ምን ልትል ነው?

«ዝም አልሽ» አለች ልጅቷ። «በቃ እውነት ነው። ነገ እሄዳለሁ። ዓይኑን ማየት አልችልም።»

በየዓመቱ የሠራተኛ ጤና ምርመራ ነበር። ካርዱ በቀኑ ካልገባ ዋና ነርሷ ቁጣዋ አይጣል ነው። በሽተኛ ኮሪደሩን ሞልቶ እያለ ማን ይለካካል? ሁለቱ መድኃኒት ክፍል ይገቡና ቆመው ይሞሉታል።

«ስንት ልጻፍልሽ እትዬ?»

«አምና ስንት ነበርኩ?»

«መቶ ሃያ በሰማንያ።»

«እሱኑ ድገሚው፤ ተስማምቶኛል!»

ዘጠኝ ዓመት አንዷ ለሌላዋ እየጻፈች ተሳሳቁ። የበሽተኛ ግፊት ግን አንድ ቀን ሳይለኩ ጽፈው አያውቁም።

አሁን ታናሺቱ ብትናገር ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው ከሥራ ልትባረር ነው። ሥራውስ ይቅር። ሬዲዮ «እህቷን በእስክሪብቶ ገደለቻት» ብላ ስታውጅ ከወዲሁ ተሰማት። ማጅራቷም ድው ድው ማለቱን አልተወም።

በሦስተኛው ቀን የክፍሉ ነርሶች ተሰብስበው መጡ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ባልየው አጠገብ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ነው። በሩ ጋ የሟች ባልንጀራ፣ የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ተቀምጣለች። ምላሷ ስለሚቆርጥ መጋዟ ይሏታል። ሦስት ቀን ትንፍሽ አላለችም። መጋዝ ዝም ሲል ደግሞ እንጨት ይሰጋል።

ዋና ነርሷ ከቦርሳዋ ካርድ አወጣች። «ለልጇ መታሰቢያ ይሁን ብዬ ነው። ይኸው፣ መቶ ሃያ በሰማንያ። እንዲህ ጤነኛ ነበረች!»

«አላልኳችሁም?» አለች ሬዲዮ። «ጤነኛ ሰው እንዲያው ከመሬት ተነስቶ ይወድቃል?»

ዓይን ሁሉ ወደ ባልየው ዞረ። እሱ ወለሉን እያየ፣ «አንዴ ብቻ ነበር ያልኳት» አለ። ልጅቷ ሻንጣዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«ቁሚ!» አለች ታናሺቱ። ድምፅዋ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። «ካርዱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳልለካ ጻፍኩላት። አባትሽ ተለኪ እያለ ነው የጨቀጨቃት። ከሁላችን የለመናት እሱ ብቻ ነው።»

የልጅቷ ሻንጣ ከእጇ ወደቀ። ቤቱ ተንጫጫ። ባልየው ግን ጫጫታውን የሰማም አይመስል፤ ተነስቶ መለኪያውን ከጓዳ አመጣና ታናሺቱ ፊት ተንበረከከ።

«ያንቺንስ ማን ጻፈው?»

«እሷ» አለችና ጥቁር እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት። ጨርቁን ቀስ ብሎ ጠቀለለላት። ለሌላ ክንድ ሲለማመድ እንደከረመ እጁ ያስታውቅ ነበር። መሣሪያው አጉረመረመ። ልጅቷ መጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አባቷ ትከሻ ላይ እጇን ጣል አድርጋ ቁጥሩን አየች።

«መቶ ሰማንያ በመቶ አስር» አለ ባልየው። «ተነሺ፣ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አሁን።»

«ጉድ እኮ ነው!» አለች ዋና ነርሷ። «ነርስ ሆና! ሳትለካ! እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ!»

መጋዟ በሩ ጋ ብድግ አለች።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮ አለኝ ሲስተር። አምና ያንቺን ካርድ ሲሞሉልሽ ‹እሱኑ ድገሚው› ስትዪ፣ ባልዲዬን ይዤ ከበሩ ሥር ነበርኩ። ነይ፣ እጅጌሽን ሰብስቢና ከኋላዋ ተሰለፊ!»