መድኃኒቱ እየሠራ ነው

«ሲያምዎት በየትኛው ጎን መተኛት ይቀናዎታል?» ብላ ጠይቃ መልሱን ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሣ ስልኳ ጮኸ።

ከፊቷ የተቀመጡት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ተረከዛቸውን ሊታከሙ መጥተው ሕልማቸውን ማውራት ከጀመሩ ሃያ ደቂቃ አልፏቸዋል። ደስ ብሏቸዋል፤ ቤታቸው ውስጥ ሕልማቸውን የሚሰማቸው የለም። ሰፈርተኛው «እትዬ ጠብታ» የሚላት፣ በውሃ በቀጠነ መድኃኒት የምታክመው የሆሚዮፓቲ ባለሙያ፣ ታካሚ ፊት ስልክ አንሥታ አታውቅም። የታናሽ እህቷን ቁጥር ስታይ ግን አነሣች።

«እታለም! ቆመልኝ!» አለች እህቷ። «ሕመሙ ድንገት ጥፍት አለ። እንክብልሽ ሠራ!»

«ተመስገን!» አለች እትዬ ጠብታ። ለመምህሩም ሳይቀር ፈገግ አለችላቸው። ከዚያ ክው አለች።

«ድንገት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። ውስጤ የሆነ ነገር ፍርጥ ያለ መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ላብ ብቻ ያጠምቀኛል፤ ብርድ ብርድም ይለኛል።»

«ከአልጋሽ እንዳትነሺ። ውሃም እንዳትጠጪ። መጣሁ።»

«ምነው? ድኛለሁ እኮ እያልኩሽ…»

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋን አነሣች፤ ደብተሯንም ከልማድ የተነሣ ቦርሳው ውስጥ ከተተች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተረከዝዎ ለነገ ይቆየን» ስትላቸው መምህሩ «እሺ፣ እንክብሌስ?» አሉ። እሷ ደረጃውን ወርዳ ጨርሳለች።

እትዬ ጠብታ ሆሚዮፓቲ ከመማሯ በፊት ስምንት ዓመት ነርስ ነበረች። ያንን ዘመን ከነነጭ ጋዋኑ አጣጥፋ ያስቀመጠችው ይመስላት ነበር። አሁን በእግረኛ መንገዱ ላይ ሰው እየገፋች ስትሮጥ፣ የያኔዋ አለቃዋ፣ ያቺ ቁጡ ሲስተር፣ ከኋላዋ የምትከተላት መሰላት። «ትርፍ አንጀቱ ያበጠበት ሰው ሕመሙ ድንገት ከለቀቀው እልል እንዳትሉ! ፈንድቷል ማለት ነው» ትል ነበር ሲስተሯ።

ሕመሙ የጀመረው ከትናንት ወዲያ፣ ማክሰኞ ነው። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች እምብርቷ ዙሪያ ያማት ጀመር። እትዬ ጠብታ ደብተሯን ይዛ ሄደች፤ እንደማንኛውም ታካሚ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀቻት። ጥማቷን፣ ንዴቷን፣ ብርዱን፣ ሕልሟን ሁሉ ጠየቀቻት። መልሶቹ በሙሉ አንድ መድኃኒት ላይ ወደቁ። ትንሽ ስትንቀሳቀስ ይብስባታል፤ ጸጥ ብላ መተኛት ትፈልጋለች፤ ያመማትን ቦታ ተጭና ስትተኛ ይሻላታል፤ ውሃ በትልቅ ብርጭቆ ትጨልጣለች። ብሪዮኒያ ነው! ከአንድ ሐረግ ሥር ይጨመቃል፤ ከዚያ በውሃ ይቀጥናል፣ እየተመታ ይነቀነቃል፣ እንደገና ይቀጥናል፤ በመጨረሻ በስኳር እንክብል ላይ ሲንጠባጠብ ከሥሩ የቀረ ነገር መኖሩን ማንም ሊያሳይ አይችልም። ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር ሲቀጥን ያንኑ የሚመስለውን ሕመም ያድናል፤ ሙያዋ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው። ምልክትና መድኃኒት እንዲህ ልክክ ብለው የገጠሙላት ጥቂት ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በእህቷ ሕመም ደስ ብሏት ነበር።

ሆዷን ግን አልነካቻትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስትጠይቅ እንጂ ስትነካ አልኖረችም።

በዚያው ዕለት ሲመሽ ሕመሙ ወደ ቀኝ ወረደ። ትናንት ባሰ። የእህቷ ባል ማስታገሻ ልግዛ ቢል የከለከለችው እሷ ናት። «መጀመሪያ ይባባሳል፣ ከዚያ ይሻላል። ሌላ መድኃኒት ከደረብንበት እናበላሸዋለን» አለችው። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ሲልም እስከ ነገ ታገሥ አለችው። እሱም አመናት፤ የማያምናት ማን ነበር?

በሩን የከፈተላት እሱ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱን ሊያስታምም ከሥራ ቀርቷል። «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ!» አለ ጥርሱን ሳይከድን። አልፋው ገባች።

እህቷ ጉልበቷን አጥፋ ተኝታለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን እንዲህ ያስሮጥሻል?» አለች።

«እስቲ ልንካሽ።»

ሆዷ ጣውላ ሆኗል። ቀስ ብላ ጫነችው፤ ከዚያ የድሮ እጇ እንደሚያውቀው ድንገት ለቀቀችው። እህቷ ጮኸች።

«ታክሲ ጥራ» አለችው ባልየውን።

«ምነው እትዬ? ተሽሏት የለም እንዴ?»

«አልተሻላትም። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል። ሂድ!»

ታክሲው ጉብታ በዘለለ ቁጥር እህቷ ከንፈሯን ትነክሳለች። ትንሽ ስትንቀሳቀስ ይብስባታል፤ እትዬ ጠብታ ይህን በገዛ እጇ ጽፋው ነበር። ያው ምልክት የሚያመለክተው ወደ ሌላ ቦታ ኖሯል! እህቷን ልታጣት እንደሆነ ፈራች። ከዚያ ፍርሃት ሥር ሌላ፣ የሚያሳፍር ፍርሃት ነበር፤ ምን ብለው ይጠይቁኝ ይሆን የሚል።

ባልየው የገባው ይመስላል። «ዛሬ ጠዋት ጀመራት እንላለን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ለክፋት አላደረጉት። ምን ያስወቅስዎታል?»

«አዎ… ዛሬ ጠዋት» አለች እህቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እትዬ ጠብታ ደብተሩ ያለበትን ቦርሳ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

የድንገተኛ ክፍሏ ዶክተር ወጣት ናት፤ ችኩል ግን ጥንቁቅ። የበሽተኛዋን ሆድ ዳሰሰችና ቀና አለች።

«መቼ ነው የጀመራት?»

«ዛሬ ጠዋት ነው፣ ዶክተር» አለ ባልየው።

«ዛሬ ጠዋት?» ግንባሯን ቋጠረች። «በጥቂት ሰዓት ውስጥ እዚህ ከደረሰ ትርፍ አንጀት ላይሆን ይችላል። ጨጓራም ሊሆን ይችላል፣ ማህፀንም። መጀመሪያ ሌላ ምርመራ እናደርጋለን። እዚያ ወረፋ አለ፤ ትንሽ ትጠብቃላችሁ።»

መጠበቅ የሚለውን ቃል ስትሰማ እትዬ ጠብታ አልቻለችም። ቦርሳዋን ከፈተች።

«ውሸት ነው፣ ዶክተር። የጀመራት ማክሰኞ ነው። ይኸው።»

ዶክተሯ ደብተሩን ተቀብላ እንደቆመች አነበበች። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፣ እምብርት ዙሪያ። አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማቅለሽለሽ፤ ምግብ ዘጋት። አንድ ሰዓት፣ ወደ ቀኝ ወረደ። ገጹን ጨርሳ ወደ ነርሱ ዞረች። «ቀዶ ሕክምና ደውል። ትርፍ አንጀት፣ የፈነዳ፣ አሁኑኑ በላቸው!»

አልጋው ተገፋ። «እታለም» አለች እህቷ፤ የተያያዘው እጃቸው እስኪላቀቅ ድረስ ዓይኗን ከእሷ አልነቀለችም። ባልየው ከአልጋው ጋር ሮጠ።

«እንዲህ ያለ የተሟላ የሕመም ታሪክ ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም» አለች ዶክተሯ ደብተሩን ከድና እየዘረጋችላት። «ጠቅመውናል። ይኸው፣ ይበቃኛል።»

ደብተሩን ተቀብሎ ቦርሳ ውስጥ መክተት ብቻ ነበር የቀረው። እትዬ ጠብታ ተቀበለችውና ከፈተችው፤ ቀጣዩን ገጽ ገልጣ መልሳ ሰጠቻት።

«ይቺ ትቀራለች» አለች።

ገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ረቡዕ ስድስት ሰዓት፦ በጣም ተባባሰ፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ እንጠብቅ።

ዶክተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስምዎን ይንገሩኝ» አለች ዶክተሯ፤ እስክሪብቶ አወጣች።

እትዬ ጠብታ ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷና ከነአያቷ፣ እንድትጽፈው ቀስ ብላ ነገረቻት።