ኩልና ማይክሮስኮፕ

«ሳጥኑ ደረሰ» የሚለው ወሬ ዘቢባ ጆሮ የገባው ቁርአን እየተቀራ ነው። ሹክ ያለቻት ልጇ ናፊያ ናት። ባሏ ሰዒድ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ የአፎቻ፣ የዕድሩ ማለት ነው፣ ሴቶች ነደባው መደብ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ የአፎቻዋ ትልቅ ሸምሲያ ማን መጣ ማን ቀረ እያለች በዓይኗ ትለቅማለች። ዘቢባ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ያየ ሁሉ ለቅሶ መስሎታል። ወላሂ ለቅሶ አልነበረም፤ ልቧ በደስታ ሲዘል ፊቷ ላይ እንዳይታይባት ነው።

ሳጥኑ አራት ማይክሮስኮፕ የያዘ ሳጥን ነው። ሰዒድ ከሸዋ በር ወዲያ ባለው ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ ሲያስተምር ሴል የሚባለውን ነገር በጠመኔ ከመሳል በቀር ለአንድም ተማሪ አሳይቶ አያውቅም። ደብዳቤ ያልጻፈለት ቢሮ፣ ደጅ ያልጠናው ኃላፊ የለም። ለሙከራ መሥሪያ እንዲሆነው ከጤና ጣቢያ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ለምኖ ያመጣና ዘቢባ በወጥ ድስቷ ትቀቅልለታለች። ድስቷ መድኃኒት መድኃኒት ሲል ደግሞ አንድ ሳምንት ታኮርፈዋለች።

ሽንኩርት ስትከትፍማ አያስቀምጣትም ነበር። ስሷን ሽፋን ገፎ ወደ በሩ ብርሃን ያነሳታል።

«ዘቢባ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ቤት አለ። ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ፣ ልክ እንደ ጁገል።»

«እኔ የሚታየኝ ሽንኩርት ነው።»

«ማይክሮስኮፑ ሲመጣ ታይዋለሽ። ከተማሪዎቼም በፊት መጀመሪያ የምታይው አንቺ ነሽ፣ ቃሌ ነው። ግን ኩልሽን ታጥበሽ! መስታወቴን እንዳታጠቁሪብኝ።»

«ለሽንኩርት ብዬ ኩሌን? አላደርገውም» ትለዋለች። ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ሳትኳል ከደጅ ወጥታ አታውቅም፤ ይህን ሐረር በሙሉ ያውቃል። በየዓመቱ በዚህችው ነገር ይጨቃጨቃሉ፤ በየዓመቱም ይስቃሉ።

አሁን ሳጥኑ መጣ፣ ባለቃሉ የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ዒዳ አለባት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷን ትጠብቃለች፣ ሽቶ አትቀባም፣ አትኳልም። እሷ እስክትወጣ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ይዘጋል። ነገ ጠዋት ተማሪዎቹ ሊያዩ ነው፤ የመጀመሪያዋ እሷ መሆኗ ቀረ። ይህን ለማን ይናገሩታል? ባሏን በቀበረች በሁለት ቀኗ ሽንኩርት ልይ አለች ቢባል መሳቂያ መሆኗ ነው። ናፊያን ሄደሽ አይተሽ ንገሪኝ ብላ ላከቻት።

ናፊያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ አቶ ግርማ ከኋላዋ አሉ። አቶ ግርማ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። በአንድ ቴርሞሜትር ሰበብ ከሰዒድ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። «ግርማ ዕቃ ቤት የገባና መቃብር የገባ አይመለስም» ይል ነበር ሰዒድ፣ አላህ ይርሐመው። እኚሁ ሰውዬ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ዘቢባ እስከ በሩ ወጣች።

«እግዜር ያጥናዎት» አሉ። ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎ ስለ ቃሉ ነገረችኝ። ንብረት በቃል አይወጣም፣ ወይዘሮ ዘቢባ። ነገር ግን አቶ ሰዒድ በዘጠና አምስት ማይክሮስኮፕ የጠየቁበት ቅጽ፣ ሞዴል ሃያው፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነው። ሰው ሞተ ተብሎ ጥያቄ አይሰረዝም።»

ርእሰ መምህሩ የፈቀዱበትን የዕቃ ማውጫ ቅጽ፣ ሞዴል ሃያ ሁለትን፣ ዘርግተው አስፈረሟት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተመላሽ ነው አሉና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሳይመልሱ ንቅንቅ እንደማይሉ ያስታውቃል።

ናፊያ ጋቢውን ስትገልጠው ሴቶቹ አንገታቸውን አሰግገው አዩ። ሸምሲያ ግን ይሄ ደግሞ በሐዘን ቤት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች፤ አጠያየቋም ጥሩ አልነበረም።

«ሰዒድ ያስመጣው ነው» አለች ዘቢባ። «ደስ ብሎኛል፣ ሸምሲያ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኛል።»

ሸምሲያ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና አፎቻው ለእራት ከሚከትፈው ሽንኩርት ደህናውን መርጣ አመጣች።

ናፊያ ማይክሮስኮፕ በእጇ ስትነካ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ነገር ግን አባቷ በጠመኔ ያልሳለው ብሎን ስለሌለ ጣቷ አልተሳሳተም። ሽፋኗን ገፈፈች፣ ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ጠብ አደረገችባት፣ ከታች ያለችውን መስታወት ከበሩ ወደሚገባው ፀሐይ አዞረች።

«አንድ ዓይንሽን ጨፍኝ፣ ኡሚ።»

መጀመሪያ ጭጋግ ነው። ናፊያ ብሎኑን ቀስ ብላ ስታዞረው ጭጋጉ ተሰበሰበ።

ሱብሃነላህ! ቤቶች። በእርግጥም ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ፣ ማለቂያ የሌላቸው ቤቶች፤ በየቤቱ አንድ አንድ ነጥብ፣ አባወራው ደጁ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ዘቢባ በሐዘን ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

«ጁገል ነው» አለች። «እውነቱን ነበር፣ ጁገል ነው።»

ሴቶቹ እኔም ልይ እኔም ልይ እያሉ ተነሱ። ሸምሲያ ሁሉንም ቀድማ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ተጠጋች። ዘቢባ ቦታ ልትለቅላት ቀና ስትል ዓይኗን ያሳረፈችበትን መስታወት አየችው። አልጠቆረም። ንጹሕ ነው።

ሸምሲያን በእጇ ቆይ አለቻት። ጎንበስ ብላ ምንም የሌለበትን መስታወት በሻሿ ጫፍ ደጋግማ ጠረገችው።