ቆጣሪው በነሱ፣ ደወሉ በኛ

ንጋት የግድግዳ ሰዓቱን ገመድ በሁለት እጇ እየሳበች፣ የሚያንቀሳቅሰውን የእርሳስ ክብደት እስከ ሰዓቱ ግርጌ አወጣችው። ስትለቀው ባለበት ረጋ። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ማለቱን አላቋረጠም።

«ይሄዳል» አለች።

«መሄዱንማ እሰማለሁ» አሉ ዶክተር ሲራክ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ። «የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።»

ሰዓቱ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ የተሠራ የናስ ግድግዳ ሰዓት ነው። ያለው አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ደቂቃ አያሳይም። ዶክተሩና ባለቤታቸው እትዬ ምንትዋብ በተማሪነታቸው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው የገዙት። እትዬ ምንትዋብ ጥር ላይ ካረፉ በኋላ ቆመ። ንጋት ወርክሾፗ ወስዳ ጠገነችው፣ ትናንት አምጥታ ሰቀለችው። ዛሬ ዶክተሩ «ተበላሽቷል» ብለው ደወሉላት፤ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ሄሰልቢ መጣች።

ደወሉ አራት ጊዜ መታ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት። ከሰዓት በኋላ አራት።»

«በማን?»

«በስዊድን።»

«እኔ ስዊድናዊ ነኝ?»

«ፓስፖርትዎ እንደዚያ ይላል።»

«ፓስፖርቴ ደወል አይሰማም» አሉ። አልሳቁም። «ዓይኔ እንደ ጠፋ ምንትዋብ ነበረች ያስተካከለችው። ቆጣሪው በነሱ፣ ደወሉ በኛ። ሄምቸንስቶቹ፣ የቤት ለቤት ረዳቶቹ፣ ሊረዱኝ ሲመጡ ቆጣሪውን ያያሉ፣ እኔ ደወሉን እሰማለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ዛሬ ጠዋት ሰባት ሲመታ ምሳ ያለፈኝ መሰለኝና ተነሥቼ ሾርባ አሞቅሁ።»

ንጋት ገባት። የእንዲህ ዓይነት ሰዓት ደወል ቆጣሪውን አይከተልም። የራሱን ተራ ይዞ ይሄዳል፤ ሦስት ከመታ ቀጥሎ አራት ይመታል፣ ቆጣሪው የትም ይሁን። ወርክሾፑ ውስጥ ቆጣሪው ዘጠኝ ላይ ሳለ ደወሉ ሦስት ሲመታ ሰምታለች። የተለመደ ብልሽት ነው ብላ፣ ደወሉን የምታስመታውን ቀጭን የብረት ክንድ እያነሣች እስኪገጥሙ ድረስ አስመታችው።

ሃሉንዳ ያለችውን እናቷን በስልክ «አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ» የምትላት፣ ስልኳ አሥራ ዘጠኝ እያሳያት ነው። ስድስቱን ስትቀንስ አታስበውም። ወርክሾፕ ውስጥ ግን የአማርኛው አቆጣጠር ትዝ አላላትም። አሁን ማፈር ነበረባት። ሀፍረቱን ጠበቀች፤ አልመጣም።

«ይቅርታ ጋሼ። አሁን እመልሰዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

«መመለሱንማ ትመልሽዋለሽ። ያንቺ ይሆናል እንጂ። የሷ እጅ ያደረገውን አንዴ አጥፍተሽዋል። ከእንግዲህ እንዲሁ ቢቀርስ?»

የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ነበር የተናገሩት። ንጋት መሣሪያዋን ለመሰብሰብ ጎንበስ ስትል እንደገና ጠየቋት።

«ስትፈቺው ውስጡ ምን አየሽ?»

«የማርሾቹ ጥርሶች በሞረድ በእጅ የወጡ ናቸው፤ እኩል አይደሉም። ፊቱ ላይ ስሙን የቀረጸው ኤድመንድ ሀልዊክ የሚባል ነው። ስለሱ ያገኘሁት ሦስት መስመር ነው። ሰባት ዓመት ተለማማጅ ነበር። ከዚያ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ሲሞት ሚስቱ ሱቁን ይዛ ሠራች፣ በሱ ስም።»

«በሱ ስም?»

«አዎ። ይሄን ማን እንደ ሠራው አይታወቅም። ውስጡ ሁለት ዓይነት የሞረድ ጭረት አለ፤ አንደኛው ቀጥ ያለ ነው፣ ሌላው ወደ ግራ ያዘነብላል።»

«የቱ የማን ነው?»

«እንጃ ጋሼ። ሰዓቱ ግን በሁለቱም ላይ ነው የሚዞረው።»

ዶክተሩ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው ተነሡ።

«ጣቴን ወደ ደወሉ ውሰጂው» አሉ።

የጎኑን ትንሽ በር ከፈተችና አመልካች ጣታቸውን ከብረቱ ክንድ ሥር አደረገች። አነሡት። ደወሉ አምስት መታ። እስኪያበቃ ጠብቀው ደግመው አነሡት፤ ስድስት። ሰባት። ስምንቱ ላይ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ።

«ይቁጠር እሱም» አሉ።

ዘጠኝ። መጨረሻ ላይ አሥር ጊዜ መታ፣ እሳቸው አሥሩንም በከንፈራቸው ቆጠሩ። ጣታቸውን አወጡ።

«አሥር ሰዓት» አሉ፣ ለንጋት ሳይሆን። ሶፋውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

ላብ ብረት ስለሚያዝግ ንጋት የነኩትን የብረት ክንድ በጨርቅ ጠረገችው። በሩን ቀረቀረች። ጨርቁን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።