ቆይ የማትል ጸሐፊ

ቄስ ዓለምብርሃን በቁሐር ሚካኤል አጥቢያ የሽምግልና ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ጽፈዋል። ድንበር የገፋውም የተገፋበትም፣ ከብቱን ሰው ማሳ ላይ የለቀቀውም እህሉ የተበላበትም፣ ሁሉም እሳቸው ፊት ተቀምጦ ሲናገር እሳቸው ወረቀታቸው ላይ አጎንብሰው «ቆይ፣ ቆይ» እያሉ አስፍረውታል። ተናጋሪውም ይቆያል። የጽሑፋቸው ማማርማ ለጉድ ነው። ቅኔ ቤት የከረመ ሰው እንዲያው በደረቁ «ተስማሙ» ብሎ አይጽፍም። የሳቸው የዕርቅ ወረቀት ሲነበብ ተጣልቶ የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ተጣልቶ መታረቅ ያምረዋል።

ዘንድሮ ግን ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ብዕር ሲይዙ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ እንደ ጭቃ መንገድ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሽማግሌዎቹ አፍረው አፍረው በመጨረሻ የሽምግልናው ዳኛ አያ አዛናው፣ «አባ፣ እርስዎ ከመካከላችን አይጥፉ፤ የሚጽፍ ሰው ግን ይፈልጉልን» አሏቸው። ቄስ ዓለምብርሃን ሦስት ቀን አኩርፈው ሲያበቁ ለእህታቸው ልጅ ለመሲ ደወሉ። መሲ ወረታ ከተማ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ የምትተዳደር ልጅ ናት።

የግንቦት ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ሾላው ሥር ተቀመጡ። ከሽማግሌዎቹ ፊት በአንድ ወገን ሸዋነሽ፣ በሌላው ወገን ገበያው። ሸዋነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ገበያው የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ማሳቸው ይዋሰናል። ክረምት ሲገባ ከሸዋነሽ ማሳ የሚተርፈው ውሃ በገበያው ዳር በተቆፈረው ቦይ አልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከጥንት ጀምሮ እንዲያ ነው። ያ ቦይ ሁለት ዓመት በተከታታይ ተደፈነ። ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ የሸዋነሽን ሩዝ ገና በቡቃያው አሰጠመው። ሩዝ ውሃ ይወዳል ቢሉም መቃብሩ ድረስ አይወደውም። ሁለት ጊዜ ሽምግልና ተቀመጡ፣ ሁለት ጊዜ ታረቁ፣ ሁለት ጊዜ በቄስ ዓለምብርሃን ብዕር ተጻፈ፤ ቦዩ ግን ተደፍኖ ተገኘ። ገበያው ሲጠየቅ «ደለል ነው» ይላል። ሸዋነሽ ዘንድሮም ካልሆነላት ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጠጠር ለቀማ ልትገባ ቆርጣለች። ይኸን ሁሉም ያውቃል።

መሲ ጭቃውን ተሻግራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረሰች። ቄስ ዓለምብርሃን አንድ ሣጥን የሚያህል የጽሕፈት መኪና ተሸክማ ትመጣለች ብለው ነበር። እሷ ግን ከቦርሳዋ ስልኳንና ከኪስ ዳዊት የማትበልጥ፣ ቆዳ የለበሰች ጥቁር ነገር ብቻ አወጣች። «ዳዊቷን ይዛ መጥታለች» ብለው ቄሱ ልባቸው ትንሽ ራራ። ዳዊቷ ግን በሦስት ተዘረጋችና ሆዷ ሙሉ ቁልፍ ሆኖ ተገኘ።

«ኪቦርድ ናት፣ አባ» አለች መሲ። «ኮምፒዩተሬ መብራት እየመጣ እየሄደ ከተቃጠለብኝ ወዲህ በዚችና በስልኬ ነው የምሠራው።»

«ገመዱስ?»

«ገመድ የላትም። ከስልኩ ጋር በአየር ነው የሚነጋገሩት።»

ቄስ ዓለምብርሃን በስልኩና በኪቦርዷ መካከል እጃቸውን አሳለፉ፤ ክር ፈልገው መሆኑ ነው። ምንም የለም። እጃቸውን መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። መሲ ከአንዷ ቤት ሰፌድ አስመጥታ ጉልበቷ ላይ ገለበጠች፣ ኪቦርዷን እላዩ ላይ አኖረች፣ ስልኳን በጣሳ አስደግፋ አቆመች፤ ጽሕፈት ቤቱ ተከፈተ።

አያ አዛናው ፊታቸው ጠቆረ። «ይች ልጅ የኛን ነገር ትታ ስልኳን ልትነካካ ነው እንዴ የመጣችው?»

«እጽፋለሁ፣ አያ አዛናው። ይናገሩ ብቻ» አለች። ይኸን ስትል ዓይኗ አያ አዛናው ላይ ነው፤ ጣቶቿ ግን ሰፌዱ ላይ እየተራመዱ ነው።

«እኔን እያየሽ ነው የምትጽፊው? መንገዱን ማን ያሳይሻል?»

«ጣቶቼ ያውቁታል።»

አያ አዛናው ይኸን ሊያልፉት አልቻሉም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ አምና ማን ምን እንደዘራ፣ የማን ወይፈን የማንን አጥር እንደጣሰ፣ አማቻቸው አንበሳሜ ገበያ ላይ በሬ ሲገዛ እንዴት እንደተሞኘ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ያለ እስትንፋስ አወረዱት። መካከል ላይ አንድ ውሻ እግራቸው ሥር ቢመጣ «ሂድ፣ አንተ የማትረባ!» ብለው ቀጠሉ። ሲጨርሱ «በይ አንብቢ» አሉ፤ ጥርሳቸው ሊታይ ምንም አልቀረው።

መሲ አነበበች። አዝመራው፣ ወይፈኑ፣ አማቹ፣ አንድም አልጎደለ። «ሂድ፣ አንተ የማትረባ!» ላይ ስትደርስ ሾላው ሥር ያለው ሰው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። «ውሻውንም ለሽምግልና አቀረበችው እኮን!» አሉ አያ አዛናው፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ያልሳቁት ቄስ ዓለምብርሃን ብቻ ናቸው። ጠጋ ብለው ቁልፎቹን አዩ። አንድም ፊደላችን የለበትም፤ ሁሉም የፈረንጅ ነው። ስልኩ ላይ ግን ፊደላችን ጥርት ብሎ ተሰልፏል።

«ፈረንጁን እየረገጥሽ አማርኛ እንዴት ይወጣል?»

«መጀመሪያ ሳድሱ ይመጣል፣ አባ። ቀጥዬ ድምፁን ስጨምርለት ወደ ፈለግሁት ይዞርልኛል። በሁለት ምት አንድ ፊደል ነው።»

«ሳድስ ቀድሞ ግዕዝ ተከተለ በይኛ! ጉድ ነው።» ሊቆጡ አስበው ነበር። ስንቱን ሕፃን ሀሁ ያስቆጠሩ መምህር ናቸውና የፊደሉ ቤት በሁለት ምት ሲታነጽ ማየት ግን ደስ አሰኛቸው። ደስ ስላሰኛቸውም አፈሩ። ዞር ብለው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

ሸዋነሽ ተነሥታ ተናገረች። ቄስ ዓለምብርሃን እንደልማዳቸው «ቆይ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት፤ የሚያስቆይ ነገር የለም። ሴትዮዋ ትናገራለች፣ መሲ ፊት ፊቷን እያየች ትሰማለች፣ ጣቶቿ ይሄዳሉ። ሸዋነሽ ባሏ ቦዩን ከወንድሙ ጋር እንዴት እንደቆፈሩት ተናገረች። የመጀመሪያው ዓመት ቡቃያው ከውሃው በታች አረንጓዴ ሆኖ እየታያት ሊያወጣው የሚችል እጅ እንዳልነበረ ተናገረች። አምና ልጇ «እማዬ፣ እንቅዳውና እንድፋው» ብላ በጣሳ ከማሳው ውሃ ስትቀዳ መዋሏን ተናገረች። ከዚያ ልቅሶ ያዛት፤ አለቀሰች፤ ልቅሶዋን ጨርሳ ደግሞ ቀጠለች።

ቄስ ዓለምብርሃን በተቀመጡበት ደነገጡ። ይኸን የጣሳ ነገር ሰምተውት አያውቁም። አምናም እዚሁ ሾላ ሥር ተናግራለች፤ እሳቸው «ቆይ» ሲሏት ቆማ፣ ጽፈው ቀና ሲሉ ቀጥላ፣ ሁለተኛ «ቆይ» ሲሏት «በቃ ይሁን» ብላ ተቀምጣለች። በሁለት ሽምግልና የሸዋነሽን ነገር መጨረሻ ሰምተው አያውቁም።

ተራው የገበያው ሆነ። ገበያው ነገር አዋቂ ነው፤ የጸሐፊን ልማድ እንደ በሬው ጠባይ ለይቶ ያውቀዋል። አንዲት ዐረፍተ ነገር ይናገራል፣ «ቆይ» ይባላል፣ እሱም በዚያች ቆይታ የሚቀጥለውን አሸት አድርጎ ያዘጋጃል። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ያለፈው።

«ቦዩን የደፈነው ደለል ነው» አለና ቆመ። ጠበቀ። «ቆይ» የሚል ጠፋ። መሲ ዓይኑን ታየዋለች። ዝምታው አላስቀመጠው አለ። «ደለል ነው አልኋችሁ! ደለልስ ባይሆን? የኔ ድንበር በጎርፍ እየተናደ ዝም ብዬ ላይ ነው? ውሃው የሷ፣ መናዱ የኔ! አንድ ቀን አካፋ ይዤ ብወጣ ምን ይገርማል? ሦስት ጆንያ አፈር ነው የጣልሁበት፣ ሦስት ጆንያ! አሁን ለሦስት ጆንያ አፈር ነው አገር የሚሰበሰበው?»

ከሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ።

«አንብቢው» አሉ አያ አዛናው፣ በቀስታ።

መሲ አነበበች። ሦስቱም ጆንያ እዚያው ነበሩ። ምላስ የለቀቀውን ቃል የፊት ቀለም ይመሰክርበታል፤ ገበያው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ተነሣ። «ይኸ አይጸናም! እኔ ለጽሑፍ አልተናገርሁም! በዚህ አገር ቃል የሚጸናው ጸሐፊ ቆይ ብሎ ሲያሰፍረው ነው። ይች ልጅ መቼ ቆይ አለችኝ? ሠላሳ ዓመት የጻፉት ቄስ እዚህ አሉ፤ ደንቡን እሳቸው ይንገሩን። አባ፣ እርስዎ ይፍረዱ!» ብሎ ወደ ቄሱ ዞሮ ጎንበስ አለ።

ሁሉም ወደ ቄስ ዓለምብርሃን ዞረ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ጣፈጣቸው። ከሦስት ቀን ኩርፊያ በኋላ «እርስዎ ይፍረዱ» መባል እንደ ማር ወለላ ነው። «ልክ ነው፣ ደንቡ እንዲያ ነው» ቢሉ ኪቦርዷ ወደ ቦርሳዋ ትገባለች፣ የሳቸው ክብር ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የሦስት ጆንያው ቃልም ይጠፋል። አንዲት ቃል ነው የምትበቃው።

ሸዋነሽን አዩ። እሷ እሳቸውን አታይም። የምታየው ሰፌዱ ላይ የተዘረጋችውን ጥቁር ነገር ነው። ሙሉ ነገሯን የተቀበለላት ያ ነገር ብቻ ነበርና፣ እንዳይወስዱባት የምትጠብቀው ይመስላል። ይኸ ቄሱን ክፉኛ ወጋቸው።

«አዛናው፣ ያለፉት ወረቀቶች አሉ?» አሉ።

አያ አዛናው ከአኮፋዳቸው ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አውጥተው ሰጧቸው። ቄስ ዓለምብርሃን የአምናውን ዘርግተው ጮክ ብለው አነበቡ። «ውሃ ከምንጩ አንድ እንደሆነ ወንድማማችም ከማኅፀን አንድ ነውና፣ ቂም እንደ ጉም ተንኖ፣ ፍቅር እንደ ጠል ወርዶ፣ ውሃውም በጥንት መንገዱ በሰላም ይሂድ።»

«እንዴት ያምራል!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከልማድ የተነሣ።

ያምራል። ግን ማን ደፈነው? ማን ይክፈተው? መቼ? ከዚያ ሁሉ ጉምና ጠል መካከል አንዲት አካፋ የለችም። የካቻምናውን አነበቡ፤ እሱ እንዲያውም የባሰ ያምር ነበር።

ወረቀቶቹን አጠፏቸው። «ገበያው፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል አገሩ። ቆይ የምለው እጄ አልደርስ እያለኝ ነው እንጂ ደንብ ሆኖ አያውቅም። የተናገርኸው ጸንቷል።»

ገበያው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ አጭር ነበር። ገበያው ሰኔ ሳይገባ ቦዩን በገዛ አካፋው ሊከፍት፣ በየዓመቱም ሊጠርግ፣ የሚናደውን ድንበሩን ግን ከሸዋነሽ ጋር በደቦ ሊገነቡ ተስማሙ። መሲ እንደተናገሩት እንደተናገሩት ጻፈችው። ወረታ ታትሞ መጥቶ ይፈረማል፤ እስከዚያው በቴሌግራም ለሁለቱም ወገን ልጆች ስልክ ተላከ። ጣቶቿ ሲሮጡ ያዩ ሁሉ አደነቁ፤ አያ አዛናው «እጇ ነው ወይስ ዝናብ?» እስኪሉ ድረስ።

ሰው ሊነሣ ሲል ቄስ ዓለምብርሃን «አንድ ነገር ይጨመርበት» አሉ።

መሲ ቀና አለች።

«እንዲህ በይ፤ እኔ ትሑት አገልጋይ፣ ብዕሬ በዘመን ብዛት ደክማ፣ የቃልን ፍሬ ትቼ አበባዋን ስለቅም...» እያሉ ጀመሩ። መሲ ትጽፋለች፣ ዓይኗ ግን ከዓይናቸው አልተነቀለም። ሠላሳ አንድ ዓመት እሳቸው አጎንብሰው ሲጽፉ የሰው ዓይን አይተው አያውቁም፤ እንዲህ ሆኖ መናገር ከባድ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቁት። አበባው አፋቸው ላይ ደረቀ።

«ያን አጥፊው» አሉ።

አንዲት ቁልፍ ተጭና ያዘች፤ ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት አንድ በአንድ ተለቀሙ።

«ያለፉትን ሁለት ወረቀቶች ያበላሸሁ እኔ ነኝ። ሸዋነሽ ተናግራለች፤ እኔ አልጻፍሁም።»

የመሲ ጣቶች በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሙ። «ልጻፈው፣ አባ?»

«ተናገርሁት እኮ።»

ጻፈችው። ሸዋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ሰፌዱ ቀረበች። «አንብቢልኝ» አለች። መሲ አነበበችላት።

«ድገሚልኝ» አለች። ደገመችላት።