የግራው ካርቡራቶር

ሰፈሩ በሙሉ መካኒኩን «ጆሮ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ ሞተር ሳይክል ገና ከመንገዱ ጥግ ብቅ ስትል ድምፅዋን ሰምቶ «የዚህች ካንዴላ ጠቁሯል» ይላል፣ ሲፈታም ጠቁሮ ይገኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ሞተሩ፣ ያቺ በወጣትነቱ ገዝቶ ሚስቱን ያማለለባት አሮጊት፣ አልነሳም፣ አልረጋም ስትለው ምን ያህል እንደሚያንገበግበው መገመት ነው።

ደግሞ የነካካት ለጨዋታ አልነበረም። ሚስቱ አኩርፋለች። መርፌ በጥርሷ ነክሳ እንኳ ወሬ የማታቋርጠው ልብስ ሰፊ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ቃሏ «ብላ» እና «በሩን ዝጋው» ብቻ ሆኗል። ምን አጠፋሁ ቢላት «ምንም» አለችው፤ በትዳር ውስጥ ከ«ምንም» የከፋ መልስ የለም። አሁን እህቷ ዘንድ ልትሄድ ሻንጣ አውጥታለች። መቼ ትመለሻለሽ ሲላት «አየዋለሁ» አለች። እንደ ድሮው ከኋላው አፈናጥጦ ሊያደርሳትና መንገድ ላይ ልቧን ሊያራራ አስቧል። ሞተሯ ካልሠራች ሚስቱ ታክሲ ትጠራለች፤ በታክሲ ከሄደች ደግሞ መመለሷን እንጃ።

ሞተሯ ሁለት ካርቡራቶር አላት፣ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ ኤንጂኑ አይረጋም። ጆሮ በመለኪያ መሣሪያ አያምንም። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ከካርቡራቶሩ አፍ፣ ሌላውን ከጆሮው ይደቅናል፤ የግራውን በግራ ጆሮው፣ የቀኙን በቀኝ ጆሮው። ማን ይነሳል፣ ማን ይዞራል? ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነው የሠራው። የሁለቱ ትንፋሽ እኩል ሲሰማው ካቻቢቴውን ያስቀምጣል።

ዛሬ ግራው ደከም አለበት። ብሎኑን አዙሮ ከፈት አደረገለት። አሁንም ደካማ ነው። ደግሞ ከፈተ። ይኸው፣ እኩል ሆኑ ብሎ ቀና ከማለቱ ሞተሯ ወገቡን ታንዘፈዝፈው ጀመር። ካርቡራቶሩን አውልቆ አጠበው፣ ቀዳዳዎቹን በአፉ ነፋቸው፣ መልሶ ገጠመው። ሰደባት፤ ለመናት። እሷ እቴ።

ሚስቱ በግራ በኩል ካለው መስኮት ሥር ቀሚስ እየሰፋች ነበር። «የግራው ያጓራል፣ ዝጋው» አለችው። ዝም። ደገመችለት። ዝም። መቀሷን እንደያዘች ወጣች። እሱ መምጣቷን ያወቀው ጥላዋ የቤንዚን ታንከሩ ላይ ሲያርፍ ነው።

«ስለፈልፍ መልስ አይገባኝም እንዴ?» አለች። «የግራው ያጓራል እኮ ነው የምልህ።»

«ግራውማ አቅም የለውም። እንቺ፣ ስሚው።»

ቱቦውን ተቀብላ ጎንበስ ብላ ግራውን ሰማች፤ ዞራ ቀኙንም ሰማች። «አንተ ሰውዬ፣ ቀኙ ሲተነፍስ ግራው እኮ እየጮኸ ነው።»

ነጠቃትና ግራውን እንደገና በግራ ጆሮው አዳመጠ። ከሩቅ የመጣ የሚመስል እስትንፋስ ብቻ። እሷ አየችው፣ ያንኑ የግራውን ቱቦ ከእጁ ወስዳ በቀኝ ጆሮው ላይ ደቀነችለት። ጩኸቱ ራሱን በረቀሰው።

ጆሮ ሞተሯን አጠፋ። ፈርቷል፤ እንጀራውም ክብሩም በጆሮው ነበር። «ለማንም እንዳትናገሪ» አላት።

ሚስቱ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። «እኔ አልጋው ላይ በየት በኩል ነው የምተኛው?»

«በግራዬ።»

«አንተስ በየትኛው ጎንህ?»

«በቀኜ።»

«በደህናው ጆሮህ ተኝተህበት ማለት ነው።» አለች። «ማታ ማታ ሳወራህ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ዝም ስትል… ሰልችቼዋለሁ፣ ቢያንስ እህቴ ትሰማኛለች ብዬ እኮ ነው ሻንጣ ያወጣሁት።» ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች፣ እንባዋንም አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ሜትር ጫፍ ጠረገች። እሱ ቅባት ባለበት እጁ እጇን ያዛት፣ እሷም አልተቆጣችም።

ከዚያ ሥራውን ለሁለት ሆነው ያዙት፤ ቱቦው በእሷ ጆሮ፣ ካቻቢቴው በእሱ እጅ። «ዝጋ። ትንሽ። ኧረ በዛ፣ መልስ። እዚያ ላይ ተወው።» ሞተሯ ረግታ፣ ልስልስ ብላ መምታት ጀመረች። በዚያ ሲያልፍ የነበረ አንድ የሰፈሩ አናጢ ቆም ብሎ አደነቀ። «ጆሮ፣ ዛሬም አልሳትክም።»

«መቼ ስቶ ያውቃል?» አለችው ሚስቱ።

አናጢው እስኪርቅ ጠብቆ ጆሮ ኮርቻውን በጨርቅ አበሰ። «በይ ሻንጣሽን አምጪ፣ ላድርስሽ።»

እሷ ግን በርጩማ አምጥታ በቀኙ በኩል ተቀመጠች። «የትም አልሄድም። ክረምቱን ሙሉ ያወራሁህን ከመጀመሪያው ልጀምርልህ ነው።»

ጆሮ ስንት የደከመባትን፣ ገና አሁን የረጋችውን ሞተር አጠፋት፤ በደንብ እንዲሰማ።